ርካሽ ላፕቶፕና ተስማሚ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስለ መምረጥ

የንግድ ሥራ ከቀን ወደ ቀን ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ መሄዱን ነጋዴው ሁሉ ይመለከታል። ባለሱቁ የዕለት ሽያጩንና የዱቤ መዝገቡን በኮምፒዩተር ይይዛል፤ ላኪው ከውጭ አገር ደንበኛው ጋር በኢሜይል ይጻጻፋል፤ አስመጪው የጉምሩክ ሰነዱን በኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት ያቀርባል። ለዚህ ሁሉ ሥራ የሚበቃው ላፕቶፕ እጅግ ውድ መሆን አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ርካሽ የሆነው ሁሉ ለሥራው ይበቃል ማለት አይደለም። በዋጋው ማነስ ብቻ የተገዛ ማሽን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲበላሽ የሚጠፋው የተከፈለበት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፤ በውስጡ የተመዘገበው የደንበኞች ዕዳና የዕቃ ቆጠራ ጭምር ነው።

ብዙ ገዢዎች በመጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋውን ነው፤ ቀጥሎም የማሽኑን መልክ ይመለከታሉ፤ በውስጡ የሚሠራውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ግን ከነጭራሹ አይጠይቁም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የዚህ ተቃራኒ ነው። አስቀድሞ ሥራው ይወሰናል፤ ሥራው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ያመለክታል፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ደግሞ ማሽኑን ይመርጣል፤ ዋጋው የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት ማሽኑን የሚያዝና ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም ነው። ሥራ አስኪያጅ የሌለው መደብር ዕቃው ቢሞላም ንግድ እንደማይካሄድበት፤ ይህም ሳይኖር ላፕቶፕ ሊሠራ አይችልም።

ስለ ዊንዶውስ

በአገራችን ገበያ በብዛት የሚገኘው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ዊንዶውስ ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ይህ ማለት ማሽኖቹ በዚያው ዕለት ሥራ አቆሙ ማለት ሳይሆን፤ ቫይረስና የኮምፒዩተር ሌቦች የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች የሚደፍነው መደበኛ ነፃ ማሻሻያ ቀረ ማለት ነው። ኩባንያው ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚደርስ ማራዘሚያ ያዘጋጀ ቢሆንም፤ ይህ ጊዜ የተሰጠው ለመሸጋገሪያ እንጂ አዲስ ግዢ እንዲፈጸምበት አይደለም።

ተተኪው ዊንዶውስ 11 በ2014 ዓ.ም. ወጥቷል። ይህም ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፤ 64 ጊጋባይት የፋይል ማስቀመጫና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት መሣሪያ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ኢንቴል ኩባንያ ከሚሠራቸው የኮር ፕሮሰሰሮች ውስጥ በአጠቃላይ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። ትውልዱን ለማወቅ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ማንበብ ይበቃል። ለምሳሌ ያህል «አይ5-8250ዩ» ተብሎ ቢጻፍ፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው 8 ስምንተኛ ትውልድ መሆኑን ይነግራል። «አይ5-7200ዩ» ቢሆን ግን ሰባተኛ ትውልድ ነውና ዊንዶውስ 11 በደንቡ አይጫንበትም። ቁጥሩ በ10፤ በ11 ወይም በ12 የሚጀምር ከሆነ ከዚያ የበለጠ አዲስ ነው።

ይህ ጉዳይ ያገለገሉ ላፕቶፖችን ለሚያስመጣ ነጋዴ ከሁሉ ይልቅ ያስፈልገዋል። ዊንዶውስ 11ን ሊቀበሉ የማይችሉ ማሽኖችን የውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ስለሚያስወግዷቸው በጅምላ ሲገዙ ዋጋቸው የሚያስጎመጅ ሊሆን ይችላል። የፕሮሰሰሩን ትውልድ ሳይጠይቅ የውጭ ምንዛሪውን ያወጣ አስመጪ፤ ዕቃው መጋዘን ከገባ በኋላ ገዢ ሊያጣ ወይም ከስሮ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ በሚላክለት የዋጋ ማቅረቢያ ላይ የእያንዳንዱ ማሽን የፕሮሰሰር ቁጥር በግልጽ እንዲጻፍ መጠየቅ አለበት።

ስለ ሊኑክስ

የቀድሞዎቹ ማሽኖች ሁሉ ግን የሚጣሉ አይደሉም። ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሊኑክስ፤ ያለ ክፍያ የሚገኝና በማንም ሰው ሊጫን የሚችል ነው። ከዚህ ወገን ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ለጀማሪ የሚቀልሉ ናቸው። ሊኑክስ ሚንት በ4 ጊጋባይት ራም ስለሚሠራ፤ ዊንዶውስ 11 ያልተቀበለውን ማሽን እንደገና ለሥራ ያበቃል። ገዢውም ሊኑክስን በፍላሽ አስነሥቶ በማሽኑ ላይ ምንም ሳይቀይር አስቀድሞ ሊሞክረው ይችላል። ደብዳቤ ለመጻፍ፤ የሒሳብ ሠንጠረዥ ለመሥራት፤ ኢሜይል ለመላክና በድረ ገጽ የሚሰጡ አገልግሎቶችን ለመጠቀም ፋየርፎክስና ሊብሬኦፊስ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ይበቃሉ። ሊብሬኦፊስ በዎርድና በኤክሴል የተዘጋጁ ጽሑፎችን ይከፍታል፤ ሆኖም የገጹ አቀማመጥ አንዳንድ ጊዜ ሊዛባ ይችላል።

ነገር ግን ሊኑክስ የማይስማማበት ሥራ አለ። ፒችትሪ በሚለው የቀድሞ ስሙ የሚታወቀው የሒሳብ ፕሮግራም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው በዚህ የሚሠራ ከሆነ ነጋዴው ያላንዳች ማወላወል ዊንዶውስ መምረጥ አለበት። ማተሚያና የባርኮድ ማንበቢያ ያለውም ሰው በሊኑክስ መሥራታቸውን ከመግዛቱ በፊት መሞከር ያሻዋል። የአማርኛ ጽሑፍ ግን እንቅፋት አይሆንም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ በሁለቱም ይነበባል፤ ኪማን የተባለውም ነፃ የፊደል መጻፊያ በሁለቱም ይሠራል። ከዩኒኮድ ውጭ በሆኑ የቀድሞ ፊደሎች የተጻፉ ሰነዶች ግን ፊደሉ ከሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ሆነው ይታያሉ።

ስለ ክሮምቡክ

ክሮምቡክ የሚባለው ላፕቶፕ የጉግል ኩባንያ በሠራው ክሮም ኦኤስ የሚሠራ ሲሆን፤ ቀላልና ለቫይረስ የማይመች ነው። ሆኖም አብዛኛው ሥራው በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፤ መስመር በሚቆራረጥበት ሠፈር ላለ ሱቅ አይመከርም። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ሞዴል ማሻሻያ የሚያበቃበት የተወሰነ ቀን አለው። ያገለገለ ክሮምቡክ እጅግ ረክሶ ሲገኝ ይህ ቀን አልፎበት እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

ማሽኑን ስለ መመርመር

ሥራውና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከተወሰኑ በኋላ ቀጥሎ ያሉትን ነጥቦች መመልከት ይገባል።

1ኛ፤ ራሙ ለዊንዶውስ 11 በወረቀት ላይ 4 ጊጋባይት ይበቃል ቢባልም፤ ሳይጓተት እንዲሠራ 8 ጊጋባይት ቢሆን ይመረጣል።

2ኛ፤ የፋይል ማስቀመጫው ኤስኤስዲ መሆን አለበት። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚሠራ አሮጌ ማሽን ኤስኤስዲ ሲገባለት ፍጥነቱ እጅግ ይጨምራል። አዲስ ሆነው በጣም ርካሽ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ግን ከቦርዱ ጋር የተጣበቀ 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ ብቻ ስላላቸው፤ በማሻሻያ ብዛት ይሞላሉ፤ ሊለወጥላቸውም አይችልም። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩ እንደ ቲንክፓድ፤ ላቲቲዩድና ኤሊትቡክ ያሉ ያገለገሉ ማሽኖች፤ ትውልዳቸው ስምንተኛና ከዚያ በላይ ከሆነ፤ ከእነዚህ አዲሶች ይሻላሉ።

3ኛ፤ በውጭ በተለጠፈው ወረቀት ማመን አይገባም። ማሽኑ ተከፍቶ ስለ ራሱ የሚሰጠውን መግለጫ ማንበብ ያስፈልጋል።

4ኛ፤ ዊንዶውስ የባትሪውን የመጀመሪያ አቅምና የዛሬውን አቅም የሚያነጻጽር መግለጫ ያወጣል። የዛሬው ከግማሽ በታች ከወረደ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስ። መብራት በጠፋ ጊዜ መዝገቡን የሚያድነው ባትሪው ነውና።

5ኛ፤ የፊደል ሰሌዳው ይታይ። ከጀርመን የመጣ ማሽን «ዜድ»ና «ዋይ» ቦታ ተለዋውጠውበት ይገኛል፤ የፈረንሳዩም አቀማመጥ የተለየ ነው።

6ኛ፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ የቀድሞ ባለቤቱን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ አይገዛ።

ስለ ፈቃድና ስለ መጠባበቂያ

አንዳንድ ሻጮች ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ ገልብጠው ይጭናሉ። ገዢው ግን ይህን ለመቀበል የሚያስገድደው ምክንያት የለም። ከፋብሪካው ከዊንዶውስ 8 ወይም ከዚያ በኋላ ከወጡት ጋር የተሸጠ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የፈቃዱን ቁጥር በራሱ ውስጥ ይይዛል። ፈቃድ የሌለው ከሆነም ሊኑክስ አለ። ባልታወቀ ሰው እጅ በተሰባበረ ፕሮግራም ላይ የሱቅ ሒሳብ መመዝገብ፤ የመደብርን ቁልፍ ለማያውቁት ሰው ማስረከብ ነው።

በመጨረሻም የተገዛው ማሽን ምንም ያህል መልካም ቢሆን አንድ ቀን መበላሸቱ ወይም መሰረቁ አይቀርምና፤ መዝገቡ በየሳምንቱ ወደ ሌላ ማስቀመጫ ተገልብጦ ከሱቁ ውጭ መቀመጥ አለበት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፤ ገዢ ከሱቅ ወጥቶ ከመጸጸት ወደ ሱቅ ሳይገባ ሥራውን ቢያውቅ፤ ገንዘቡም መዝገቡም ይተርፍለታል።