አራት ምሽቶች በደረቅ ወለል ላይ

የባሕር ስካውት ቡድን ሊቋቋም ነው ሲባል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጀልባ ነው። ቡድኑ ግን በጀልባ አይጀመርም። በአሜሪካ በተለመደው አሠራር አዲስ ቡድን የመጀመሪያ ሳምንታቱን የሚያሳልፈው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በትምህርት ቤት ጂምናዚየም ወይም በጀልባ ክበብ ሳሎን ውስጥ ነው። ወጣቶቹ ውኃ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ይተዋወቃሉ፣ ገመድ መቋጠር ይማራሉ፣ አለቃቸውን ይመርጣሉ፣ መዋኛ ገንዳ ገብተው ይፈተናሉ። ቡድኑ የሚጸናው ወይም የሚበተነው በአብዛኛው በእነዚህ ቀናት ነው። በእነዚሁ ቀናት አዋቂዎቹ አንድ ነገር ለይተው ማወቅ አለባቸው፦ ለወጣቶቹ የሚለቀቀው ምንድን ነው? ፈጽሞ የማይለቀቀውስ?

የባሕር ስካውት የስካውት እንቅስቃሴ አንድ ቅርንጫፍ ነው። ሮበርት ቤደን ፓወል በ1907 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ ብራውንሲ ደሴት ላይ የመጀመሪያውን የሙከራ ሰፈር አቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላ በባክለርስ ሃርድ ሌላ ሰፈር ሲተከል፣ ልጆቹ «ሜርኩሪ» በተባለች የማሠልጠኛ መርከብ ላይም በየተራ ሰነበቱ። የቤደን ፓወል ታላቅ ወንድም ዋሪንግተን በባሕር ኃይል ያገለገለ፣ ኋላም ጠበቃ የሆነ ሰው ነበር፤ በ1912 ለልጆች የሚሆን የመርከበኝነት መመሪያ መጽሐፍ አወጣ። በዚያው ዓመት አርተር ኬሪ የተባለ አሜሪካዊ በቦስተን አካባቢ «ፓዮኒር» በተባለች ባለ ሸራ መርከቡ ላይ ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመረ። የአሜሪካው የባሕር ስካውት ታሪክም ከዚያ ይቆጠራል።

ያው 1912 ግን የሐዘንም ዓመት ነው። በነሐሴ ወር ከለንደን ዎልወርዝ ሰፈር የተነሡ ስካውቶች ከአዋቂዎች ጋር በአሮጌ የባሕር ኃይል ጀልባ ወደ ሰፈራቸው ሲያመሩ፣ ሌይስዳውን በተባለ የባሕር ዳርቻ አጠገብ ድንገተኛ ነፋስ ጀልባዋን ገለበጣት፤ ዘጠኝ ልጆች ሞቱ። አስከሬናቸው በቴምስ ወንዝ ወደ ለንደን የተመለሰው በጦር መርከብ ነው። አዋቂ አብሮ መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ የባሕር ስካውት ገና በልጅነቱ የተማረው በዚህ ነው።

በሌላ በኩል 1940 አለ። ከታይታኒክ መስጠም የተረፈው መኮንን ቻርልስ ላይቶለር በደንከርክ የተከበቡ ወታደሮችን ሊያመጣ በግል ጀልባው «ሰንዳውነር» ሲሻገር፣ አብረውት የነበሩት ልጁና አንድ የ18 ዓመት የባሕር ስካውት ብቻ ነበሩ። ከቦምብና ከጥይት አምልጠው ከ120 በላይ ወታደሮች ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ቀደም በ1928 አድሚራል ሪቻርድ በርድ ወደ አንታርክቲካ ሲዘምት ከመላው አሜሪካ ተወዳድሮ የተመረጠው ስካውት ፖል ሳይፕል፣ 19 ዓመት የሞላው የባሕር ስካውት ነበር። ወጣት በወጉ ሠልጥኖ ኃላፊነት ሲሰጠው ኃላፊነቱን ይሸከማል። ከእነዚህ ታሪኮች አንደኛው ጥንቃቄን፣ ሌሎቹ እምነትን ያስተምራሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ዕቅድ ሁለቱንም አጣምሮ መያዝ አለበት።

በአሜሪካው ሥርዓት እያንዳንዱ ቡድን «መርከብ» ይባላል፤ ጀልባ ኖረውም አልኖረው። አባላቱ ሴቶችም ወንዶችም ናቸው፤ 14 ዓመት የሞላቸው፣ ወይም 13 ሞልቷቸው 8ኛ ክፍልን የጨረሱ መግባት ይችላሉ፤ 21 ዓመት እስኪሞላቸውም ይቆያሉ። ለመጀመር አምስት ወጣት ይበቃል። የአዋቂዎቹ መሪ «ስኪፐር»፣ ረዳቶቹ «ሜት» ይባላሉ። ወጣቶቹ ከመካከላቸው የሚመርጡት አለቃ ደግሞ «ቦሰን» ነው፤ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥም አለው። ማዕረጉ አራት ደረጃ ነው፦ አፕረንቲስ፣ ኦርዲናሪ፣ ኤብል እና ኳርተርማስተር። ቡድኑን በኃላፊነት የሚይዝ ተቋም፣ ለምሳሌ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት ወይም የጀልባ ክበብ፣ መኖር አለበት። በማናቸውም ዝግጅት ላይ 21 ዓመት የሞላቸው፣ የተመዘገቡና በልጆች ጥበቃ የሠለጠኑ ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ይገኛሉ። አንድ አዋቂና አንድ ልጅ ለብቻቸው አይቀመጡም። ይህ ለድርድር የማይቀርብ ደንብ ስለሆነ ወላጆች ገና ከመጀመሪያው ቀን ሊሰሙት ይገባል።

አዋቂዎቹ ሊያቅዱት የሚገባው የመጀመሪያዎቹን አራት ምሽቶች ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ወጣቶቹ ራሳቸው ያቅዱ። የዓመቱን መርሐ ግብር በሠንጠረዥ አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ስኪፐር ለወጣቶቹ የሚተወው ሥራ ስለሌለ፣ ልጆቹ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ።

የመጀመሪያው ምሽት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ ከረዘመ በትምህርት ቀን ይከብዳል። ትልቁ ስሕተት ምሽቱን በንግግር መሙላት ነው። ስኪፐሩ ስለ ራሱ፣ ስለ ድርጅቱ ታሪክ፣ ስለ ደንብ ልብሱ፣ ስለ መዋጮው ሲያወራ አንድ ሰዓት ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግማሹ ልጅ አይመጣም። ስለዚህ ልጁ በር ላይ ስሙን እንዳስመዘገበ ሁለት ሜትር የሚያህል ገመድ ይሰጠው። ገመዱ እንደ ጣት የወፈረና ለስላሳ ይሁን፤ ቀጭን ሲባጎ የቋጠሮውን ቅርጽ ደህና አድርጎ አያሳይም። ገመዱን ይዞ የሚገባ ልጅ እጁን የት እንደሚያደርገው አይጨነቅም፤ ከጎኑ ካለውም ጋር ወሬ የሚጀምርበት አያጣም።

የመጀመሪያው ቋጠሮ ቦውላይን ቢሆን ይመረጣል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ገመዱ ላይ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ጫፉ ከታች ወደ ላይ በቀለበቱ ውስጥ ይወጣል፣ ዋናውን ገመድ ከኋላው ይዞረዋል፣ ተመልሶም በዚያው ቀለበት ይወርዳል። ከዚያ ሁለቱ ወገን ሲሳብ ጥብቅ ይላል። ውበቱ እዚህ ላይ ነው፦ የተሠራው ትልቁ ዙሪያ ክብደት ቢንጠለጠልበትም አይጠብም፤ በሰው ወገብ ላይ ቢታሰር አያንቅም። ሸክሙ ሲነሣለት ደግሞ ያለ ብዙ ትግል ይፈታል። ልጆቹ ሦስት አራት ጊዜ ሲሳሳቱ አዋቂው እጁን አይሰድ፤ ቀድሞ የገባው ልጅ ለጓደኛው ያሳይ። ቀጥሎ አንድ ወንበር አዳራሹ መካከል ይቀመጥና «ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው» ይሁን፤ ልጆቹ በየተራ ገመድ ይወርውሩለት። ገመዱ በሥርዓት ካልተጠቀለለ መንገድ ላይ ተተብትቦ ይቀራል። ይህን ሁሉም በዓይኑ ካየ በኋላ ገመድ አጠቃለልን ለማስተማር ልመና አያስፈልግም።

አባሉ ሲገባ ከሚገባው ቃል ውስጥ አንዱ፣ የውኃ አደጋ እንዳይደርስ መጠንቀቅና በሚሳፈርበት ጀልባ ሁሉ የሕይወት ማዳኛው መሣሪያ የት እንዳለ ማወቅ ነው። ይህም ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ይለመዳል። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አዳራሹን ይዙሩና የእሳት ማጥፊያው፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑና የአደጋ ጊዜ መውጫው የት እንዳለ ፈልገው ይምጡ። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ጨዋታ ነው፤ ኋላ ጀልባ ላይ ሲወጡ ግን ዓይናቸው ሳይነገረው መፈለግ ይጀምራል።

ሁለተኛው ምሽት የ«የብስ መርከብ» ነው። ሰኞ ማክሰኞ ለመጫወት መሬት ላይ መስመር እንደሚሰመረው፣ የአዳራሹ ወለል ላይ በገመድና በአጫጭር ቋሚዎች የመርከብ ቅርጽ ይዘረጋል፦ ሾጣጣው ፊት፣ መውጫና መግቢያው መሰላል፣ ከኋላ ደግሞ ባንዲራ የሚተከልበት የመኮንኖች ቦታ። በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ መብራት ይደረጋል፤ እውነተኛ መርከብ በሌሊት የሚያበራው እነዚህኑ ነው። የሚገባ ሰው ለባንዲራው ሰላምታ ሰጥቶ ለመሳፈር ፈቃድ ይጠይቃል። እንግዳ ሲመጣ ወጣቶች ግራና ቀኝ ቆመው በቦሰኑ ፊሽካ ይቀበሉታል። ይህች ፊሽካ ቀጭን ቱቦና ጫፏ ላይ ትንሽ ድቡልቡል ያላት ናት፤ መዳፍ ሲከፈት ድምፁ ይወፍራል፣ ሲጨበጥ ይቀጥናል። ላየው ሰው ነገሩ ሁሉ ቴያትር ይመስላል። ጥቅሙ የሚገባው ጠባብ ጀልባ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ የቆመበትን ቦታና የሚታዘዘውን ሰው ካላወቀ አንዱ ሸራ ሲጎትት ሌላው ገመዱን ይረግጥበታል።

በዚሁ ምሽት ምርጫ ይካሄድ፤ ግን ጊዜያዊ ይሁን። ልጆቹ ገና አልተዋወቁምና በመጀመሪያ የሚመርጡት ደፋሩን ተናጋሪ ነው። ለሁለት ወር ብቻ የሚያገለግል ቦሰን መርጠው፣ ከዚያ በኋላ እንደገና ቢመርጡ ማንም ሳይከፋው ይስተካከላል።

ሦስተኛው ምሽት መዋኛ ገንዳ ነው፤ እዚህ ላይ አዋቂው ምንም አይለቅም። ፈተናው የታወቀ ነው። ልጁ ከቁመቱ በላይ ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ በእግሩ ይዘልላል፤ 75 ያርድ፣ ማለትም ወደ 69 ሜትር ገደማ፣ በጠንካራ አዋኛኘት ይዋኛል፤ የቀረውን 25 ያርድ በጀርባው እያረፈ ይዋኛል፤ በመጨረሻም ሳይንቀሳቀስ ይንሳፈፋል። ማረፍና መንሳፈፍ የተጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከጀልባ የወደቀን ሰው ብዙ ጊዜ የሚያድነው ፍጥነት ሳይሆን ጉልበቱን ቆጥቦ እርዳታ መጠበቁ ነው። ከፈተናው በኋላ ሁሉም ላይፍ ጃኬት ለብሶ እንደገና ይግባ። መጠኑ ያልተስተካከለ፣ ማሰሪያው ያልጠበቀ ጃኬት ውኃ ውስጥ ወደ ጆሮ ሽቅብ ይወጣል፤ ልጁ ይህን በገንዳ ውስጥ ቢያየው ይሻላል።

መዋኘት የማይችል ልጅ ከቡድኑ አይባረርም፤ እስኪማር ድረስ ግን የሚሳፈርበት ጀልባና የሚሄድበት ርቀት ይገደባል። ይህ በተለይ ለእኛ ሰው መነገር ያለበት ነገር ነው። በዋሽንግተንና በሲያትል አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ፖቶማክ ወንዝም ሆነ የፑጀት ሳውንድ ባሕር ከደጃቸው አይርቅም። በፑጀት ሳውንድ ዳር ባለችው ታኮማ «ኦዲሲ» የተባለች በ1938 የተሠራች ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ የባሕር ስካውቶች ናት። በደጋ ያደገች እናት ግን ልጇ ቅጽ ይዞ ሲመጣ «ውኃ ይቅርብህ ልጄ፣ አይታመንም» ብትል አይፈረድባትም። ስጋቷን በማባበል ከማለፍ ይልቅ በሦስተኛው ምሽት ገንዳው ዳር ወንበር ይሰጣት። ፈተናው እንዴት እንደሚካሄድ፣ ማን እንደሚጠብቅ፣ ያላለፈው ልጅ ምን እንደሚባል ራሷ ትየው። ወላጅ ሁሉ ስብሰባ የመከታተል መብት እንዳለው ደንቡም ይፈቅዳል።

አራተኛው ምሽት የርክክብ ነው። ጊዜያዊ መሪዎቹ ተሰብስበው የሚቀጥሉትን ሦስት ወራት ያቅዳሉ፤ የዚህ ጉባኤ ስም «ኳርተርዴክ» ነው። ስኪፐሩ ይገኛል፤ ስብሰባውን የሚመራው ግን ቦሰኑ ነው። ባዶ ካላንደር ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ፤ መጀመሪያ የትምህርት ቤት ፈተናና የበዓል ቀናት ይሠረዙ። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ግብ ይመረጥ፦ ለምሳሌ የአንድ ቀን የቀዘፋ ጉዞ። ከዚያ ወደ ኋላ ይቆጠራል፦ ለጉዞው ምን ማወቅ ይገባል፣ የትኛው ሳምንት ለቀዘፋ ልምምድ ይሁን፣ የትኛው ለካርታና ለኮምፓስ፣ ምሳውን ማን ይገዛል፣ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ወጣቶቹ ሦስት ጉዞ በአንድ ወር ቢያጭቁ ስኪፐሩ አይሰርዝባቸው፤ ጥያቄ ይጠይቃቸው። ጀልባው ከማን ይዋሳል ሲባል ዝም ካሉ ሁለቱን ራሳቸው ይሠርዟቸዋል። የአየር ጠባይ፣ የአጃቢ ጀልባና የላይፍ ጃኬት ጉዳይ ሲነሣ ግን የመጨረሻው ቃል የስኪፐሩ ነው፤ «ዛሬ አንወጣም» ካለ ድምፅ አይሰጥበትም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አራቱን ምሽቶች ዘልሎ በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆቹን ጀልባ ላይ የሚያወጣ ቡድን ለአንድ ቀን ደስ ይለው ይሆናል፤ በሁለተኛው ቅዳሜ ነፋስ ሲነሣ ግን ትእዛዝ የሚሰጠውም የሚቀበለውም አይታወቅም።

አገራችን የባሕር በር ባይኖራትም ከውኃው አልራቀችም። በጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ወጣቶች ዛሬም አሉ፤ የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ የተቋቋመው በ1964 ነው፤ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ያለው ማሠልጠኛም ለዓለም አቀፍ መርከቦች መሐንዲሶችና መኮንኖች ያፈራል። በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ እንዲህ ያለ የወጣቶች ቡድን ማቋቋም የሚሻ ሰው ቢኖር፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ምሽቶች የሚያስፈልገው አንድ አዳራሽ፣ ጥቂት ገመድና ለልጆች ቦታ መልቀቅ የሚችሉ ሁለት ታማኝ አዋቂዎች ናቸው። ለሦስተኛው የመዋኛ ገንዳና ዋና አስተማሪ ይጨመር፤ ለአራተኛው ካላንደርና እስክሪብቶ ይበቃል። ለሁሉም የሚሆን ላይፍ ጃኬትና አጃቢ ጀልባ እስኪሟላ ድረስ ግን፣ ወጣቶቹ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ፣ አምስተኛው ምሽትም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ይሁን።