የብሪንዲሲው ደብዳቤ

(የወደብ ድምፅ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦ ብሪንዲሲ በደቡብ ጣሊያን፣ በአድሪያቲክ ባሕር ዳር የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ48 መገባደጃ ላይ አንድ የተሸነፈ ሰው እዚህ ወደብ ላይ ከመርከብ ወረደ። ዕድሜው 58 ነው። ከ15 ዓመት በፊት የሮም ቆንስል ነበር፤ አንደበቱን የማይፈራ ሹም አልነበረም። አሁን ግን ድል አድራጊው ዩልየስ ቄሳር ይማረው እንደሆነ እየጠበቀ፣ ወደ ሮም ለመጠጋት እንኳ አልደፈረም። ይህ ሰው ማርከስ ቱልየስ ሲሴሮ ነው።

ስለ ሲሴሮ ንግግሮችና ስለ ፖለቲካ ሕይወቱ ብዙ ተብሏል። የዛሬው ዝግጅታችን የእሱንና የታናሽ ወንድሙን የኩዊንተስን ነገር ይተርካል።

ሁለቱ ወንድማማቾች የተወለዱት ከሮም ደቡብ ምሥራቅ በምትገኝ አርፒኑም በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አብረው ተማሩ፤ አብረው ወደ ሹመት ወጡ። ማርከስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ተሰዶ ከአገር ሲወጣ፣ ይመለስልኝ ብሎ ደጅ የጠናው ኩዊንተስ ነበር። ጉዳዩ ለሕዝብ በቀረበበት ዕለት በሮም አደባባይ ደም ፈሰሰ። ታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ ኩዊንተስ ነፍሱን ያተረፈው ሬሳ መካከል ተኝቶ የሞተ በመምሰል ነው። ለወንድሙ እስከዚህ የሄደ ሰው ነው።

ደግሞም በራሱ የቆመ ሰው ነበር። ከ61 እስከ 58 እስያ የሚባለውን የሮም ግዛት አስተዳድሯል። በ54 ጎል ውስጥ በቄሳር ሥር ሲያገለግል፣ ኔርቪ የሚባሉት ጎሣዎች የክረምት ሰፈሩን ከበቡት። ሕመም ላይ ሆኖ፣ በአንድ ሌጌዎን ጦር፣ ቄሳር እስኪደርስለት ድረስ ሰፈሩን አላስደፈረም። ቄሳር ራሱ ይህን በመጽሐፉ መስክሮለታል። ይሁንና ሮም ውስጥ ኩዊንተስ ምንጊዜም የሲሴሮ ወንድም ነበር። ቁጣው ቶሎ የሚነድ ሰው ነው፤ ከሚስቱ ከፖምፖኒያም ጋር ሰላም አልነበራቸውም። ፖምፖኒያ የማርከስ የልብ ወዳጅ የአቲከስ እህት ናት።

በ49 ቄሳርና ፖምፔ ጦር ተማዘዙ። ማርከስ ብዙ ካመነታ በኋላ ወደ ፖምፔ ሄደ። ኩዊንተስም የቀድሞ አዛዡን ቄሳርን ትቶ ወንድሙን ተከተለ። በነሐሴ 48 ፖምፔ ፋርሳሉስ ላይ ድል ሆነ፤ ወንድማማቾቹም የግሪክ ወደብ በሆነችው ፓትራስ ተጣልተው ተለያዩ።

እኔ ኩዊንተስን በዚህ ቦታ ለመረዳት እሞክራለሁ። ወንድሙን ብሎ ሁሉን አጥቷል። የመረረው ሰው የሚናገረውን ተናገረ ብንል እናልፈው ነበር። እሱ ግን ከመናገር አልፎ ሄደ።

(ሙዚቃ)

ኩዊንተስና ስሙን የወረሰው ልጁ የቄሳርን ምሕረት ፍለጋ ሲነሡ፣ ጥፋቱን ሁሉ በማርከስ ላይ ጫኑ። ወጣቱ ኩዊንተስ በኤፌሶን ታይቷል። አጎቱን በቄሳር ፊት የሚከስበትን ንግግር ጽፎ፣ ጥቅልሉን እዚያ ላገኘው አንድ ሰው አሳይቷል። ወሬው ባሕር ተሻግሮ ማርከስ ጆሮ ደረሰ።

በዚያው ክረምት አንድ የደብዳቤ እሽግ ብሪንዲሲ ገባ። ላኪው ወንድሙ ኩዊንተስ ነው። ማርከስ ለእኔም የተጻፈ ይኖርበት ይሆናል ብሎ ፈታው። ለእሱ የተጻፈ አንድም አልነበረም። ቫቲንየስና ሊጉርየስ ለተባሉ የቄሳር ወገኖች የተላኩትን አገኘና አደረሰላቸው። ወዲያው ሁለቱም በንዴት ጦፈው መጡ፤ ደብዳቤዎቹንም አነበቡለት። ከዳር እስከ ዳር እሱን የሚያዋርድ ስድብ ነው። ማርከስ አላስችል አለው። ለሌሎች የተጻፉትንም ከፍቶ አየ። ያው ናቸው።

ይህን ለአቲከስ የጻፈበት ቀን ጥር 3 ነው፤ 59 ዓመት የሞላበት የልደቱ ቀን። ባልተወለድኩ የሚል ምሬት አለበት። ነገር ግን በዚያው ደብዳቤ ውስጥ አንድ ሌላ ሐሳብ ይገኛል፦ ይህ ነገር በአደባባይ ቢወጣ የሚጎዳው ራሱ ኩዊንተስ ነው የሚል። ስለዚህ እሽጉን ለአቲከስ ላከና፣ ደብዳቤዎቹ ቢደርሱ ለኩዊንተስ ይበጀዋል ካልክ አድርሳቸው፣ እኔን አይጎዱኝም አለው። ማኅተማቸው የተፈታውንም ፖምፖኒያ የባሏ ማኅተም ሳይኖራት አይቀርም ብሎ ጠቆመው። በወንድሙ የተወጋ ሰው የወንድሙን ገበና ለመሸፈን ማኅተም ሲያፈላልግ ነው የምናየው።

ማርከስ እነዚህን ደብዳቤዎች ከማየቱ በፊት ግን ሌላ ወሬ ደርሶት ነበር። ቄሳር፣ ማርከስ ወደ ፖምፔ እንዲሄድ የገፋፋው ኩዊንተስ ነው ብሎ እንደሚያምን ተሰማ። ማርከስ ዝም ቢል ኖሮ ዕዳው ከእሱ ትከሻ ወደ ወንድሙ ትከሻ ይዞር ነበር። ዝም አላለም። ለቄሳር ጻፈ። ስለ ወንድሜ የማስበው ስለ ራሴ ከማስበው አያንስም፤ ዳሩ ግን እኔ ራሴ በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኜ ለእሱ ልማልድ አልደፍርም አለ። ኩዊንተስ ምንጊዜም የእኔና የአንተን ወዳጅነት የሚሻ ነበር፤ በጉዞዬም ተከትሎኝ እንጂ መርቶኝ አልሄደም ሲል መሰከረ። በእኔ ምክንያት እንዳይጎዳብኝ ብሎ ለመነ።

ሲሴሮ ብዙ ታላላቅ ንግግሮች አድርጓል። እኔ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ የማስበልጠው እነዚህን ጥቂት መስመሮች ነው። የጻፋቸው ኩዊንተስ ይቅርታ ከመጠየቁ በፊት ነው። ልቡ ገና አልበረደም፤ ለአቲከስ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ይህን አይደብቁም። የፓትራሱ ጠብ ቁስል ሳይሽር ነው እጁ ለወንድሙ የጻፈው።

በ47 ቄሳር ሁለቱንም ማራቸው። ወንድማማቾቹም ውለው አድረው ታረቁ።

(ሙዚቃ ይለወጣል)

በ44 ቄሳር ተገደለ። በኅዳር 43 የሮምን ሥልጣን የተካፈሉት ማርክ አንቶኒ፣ ኦክታቪያንና ሌፒደስ ቦሎኛ አጠገብ ተገናኝተው የሚገደሉትን ሰዎች ስም ዝርዝር አወጡ። ሌፒደስ የገዛ ወንድሙን የፓውለስን ስም አስገባ፤ እሱ እንኳ አምልጦ ተርፏል። ለአንድ ራስ ለነጻ ሰው 25,000 ድራክማ፣ ለባሪያ 10,000 ድራክማና ነጻነት ይሰጣል ተባለ። ማርከስና ኩዊንተስም ከነልጆቻቸው በዝርዝሩ ነበሩ።

ዜናውን የሰሙት ቱስኩሉም በሚባለው ስፍራ ነው። ወደ ባሕር ዳር ወርደው በመርከብ ሊሸሹ፣ በሰው ሸክም በቃሬዛ ጉዞ ጀመሩ። ፕሉታርክ እንደሚለው፣ መንገድ ላይ ቃሬዛዎቹን እያስጠጉ ቆመው አብረው ያዝኑ ነበር። በመሃል ኩዊንተስ ምንም ስንቅ ሳይዝ እንደወጣ ትዝ አለው። ማርከስም የያዘው ትንሽ ነበር። አንተ ቅደም፣ እኔ ከቤት ስንቅ ይዤ እደርስብሃለሁ አለው። ተቃቅፈው፣ ተላቅሰው ተለያዩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኩዊንተስ በአገልጋዮቹ ተጠቁሞ ከልጁ ጋር ተገደለ። ያ በኤፌሶን የክስ ጥቅልል ይዞ የታየው ልጅ፣ ታሪክ ጸሐፊው ካሲየስ ዲዮ እንደጻፈው፣ አባቱን ደብቆ ሲገረፍ አንድ ቃል አልወጣውም፤ አባትየው ራሱ ወጥቶ እጁን ሰጠ። ታኅሣሥ 7 ማርከስ ፎርሚያ አጠገብ ተያዘ፤ ራሱና እጁ ተቆርጠው በሮም አደባባይ፣ ይናገርበት በነበረው መድረክ ላይ ተሰቀሉ።

ፕሉታርክ የመዘገበው አንድ ነገር ይቀራል። ማርከስ የሸሸበትን መንገድ የጠቆመው ፊሎሎገስ የሚባል፣ ኩዊንተስ ነጻ ያወጣው፣ ማርከስ ራሱ ያስተማረው ወጣት ነበር ይላል። አንቶኒ ይህን ልጅ ለፖምፖኒያ አሳልፎ ሰጣት። እሷ ከኩዊንተስ ከተፋታች ቆይታለች፤ ነገር ግን ከአባቱ ጋር የተገደለው ወጣቱ ኩዊንተስ ልጇ ነው። ፊሎሎገስን የገዛ ሥጋውን እየቆረጠ፣ ጠብሶ እንዲበላ አደረገችው ይባላል። ፕሉታርክ ይህን ካወራ በኋላ፣ የማርከስ ጸሐፊ የነበረው ቲሮ የፊሎሎገስን ክህደት ጨርሶ እንዳላነሣ ይጨምራል። ለቤቱ ከማንም ይልቅ ቅርብ የነበረው ቲሮ ነውና፣ ሰሚ ይህን ልብ ይበል።

ማርከስ ለኩዊንተስ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች 27ቱ ዛሬም አሉ። ኩዊንተስ በዚያ ክረምት ወንድሙን የሰደበባቸው ደብዳቤዎች አንዳቸውም አልተገኙም። ለቄሳር የተጻፈውን ምልጃ ግን ማርከስ ለአቲከስ በላከው ደብዳቤ ውስጥ ገልብጦት ስለነበር፣ ቃሉ እስከ ዛሬ ይነበባል።