በጽድ ላይ ስለሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት

በደጋ አገር በሚገኝ የጽድ ደን ውስጥ የሽማግሌ ጢም የመሰለ፥ ግራጫና ብጫ አረንጓዴ የሆነ ነገር ከቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ይህን ያየ ሹም «ዛፉን በሽታ ይዞታል፥ ወደ ሌላው ሳይተላለፍ ይቈረጥ» ብሎ ቢያዝዝ ጕዳቱ ብዙ ነው። ጽድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነውና፥ ዛሬ የወደቀውን የሚተካው ችግኝ ለሠሪ የሚበቃው በልጅ ልጅ ዘመን ነው።

ይህ የዛፍ ሽበት በሊቃውንት ዘንድ ኡስኒያ ይባላል። እርሱም ሣር አይደለም፤ ፈንገስና አልጌ የሚባሉ ሁለት ፍጥረቶች ተባብረው አንድ አካል የሆኑበት ነው። የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሲሞን ሽቬንደነር በ1867 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቈጣጠር) ይህን ሲገልጽ የዘመኑ ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም ነበር። ኡስኒያ ሥር የለውም፤ በቅርፊቱ ላይ ይጣበቃል እንጂ የዛፉን ወዝ አይመጥም። ምግቡን አልጌው በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጅለታል፤ ውኃውንም ከጉምና ከዝናብ ያገኛል። በደረቀ ዛፍ ላይ በዝቶ መታየቱ ቅጠሉ ሲረግፍ ብርሃን ስለሚገባለት ነው፤ ሰው ግን ገዳዩ እርሱ ይመስለዋል።

መለያው ቀላል ነው። አንዱን ዘርፍ በውኃ አርሶ በሁለት እጅ በቀስታ መሳብ ነው። የውጭው ልባስ ሲበጣጠስ በመካከሉ የሚለጠጥ ነጭ ክር ከታየ ኡስኒያ ነው። ክር የሌለውና እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ የሆነው ራማሊና የሚባለው ሌላው ወገን ነው፤ እርሱም ዛፍ አይጎዳም።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። በኢትዮጵያ፥ በኤርትራና በኬንያ በጽድ ላይ የሚበቅል፥ አርሴቶቢየም የሚባል ድንክ ተቀጽላ አለ። ቁመቱ አጭር፥ መልኩም ከጽዱ ጋራ የሚመሳሰል ስለ ሆነ ዓይንን ያታልላል፤ እንደ ጢም አይንጠለጠልምና ማንም ልብ አይለውም። ነገር ግን በቅርፊቱ ውስጥ ሥር ሰድዶ ወዝ ይመጥጣል፤ ፍሬው ሲበስልም ፈንድቶ የሚያጣብቅ ዘሩን ወደ ጎረቤት ዛፍ ይወረውራል። ቢስቡት ነጭ ክር አይታይበትም፥ በየአንጓው ይሰበራል እንጂ። ይህ በተገኘ ጊዜ የያዘውን ቅርንጫፍ ዘሩ ሳይበስል መቍረጥ ይገባል።

ለማስመርመር የሚላክ ናሙና ቢኖር በጥላ ደርቆ፥ በወረቀት ተጠቅልሎ፥ የዛፉ ዓይነትና የተገኘበት ስፍራ ተጽፎበት ይላክ። በላስቲክ የታሸገ እንደ ሆነ ሻግቶ ይደርሳል።