«ማስቀመጥ»፣ «መታደጊያ» እና «መጠባበቂያ»፦ የጽሕፈት ማቀናበሪያ ሰነዶች ከጥፋት ስለሚጠበቁበት አሠራርና ስለ ስያሜው

በጽሕፈት ማቀናበሪያ ፕሮግራም የተዘጋጀ ሰነድ ከጥፋት የሚጠበቅበት አሠራር በአማርኛ ሲገለጽ፣ አብዛኛው ጽሑፍ ነገሩን ሁሉ «ማስቀመጥ» በሚለው አንድ ቃል ሲጠቀልለው እናያለን። ጸሐፊው ትእዛዝ ሰጥቶ ሰነዱን በዲስክ ላይ ሲያሰፍር «አስቀመጠ» ይባላል፤ ፕሮግራሙ ማንም ሳያዘው በየጥቂት ደቂቃው ጽሑፉን ለብቻው ሲገለብጥ «አስቀመጠ» ይባላል፤ ሰነዱ ተባዝቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሲወሰድም እንደዚሁ «አስቀመጠ» ይባላል። ሦስቱ ግን በአሠራርም ሆነ በዓላማ የተለያዩ ናቸው። እነሆ ልዩነታቸውን እየገለጽን ለእያንዳንዳቸው የሚስማማ ስያሜ ለመጠቆም እንሞክራለን።

ጉዳዩን እንድናነሣ ያስገደደን በራሳችን ሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። የ«ቀ»ን ምድብ ቃላት ከነፍቻቸው ይጽፍ የነበረ አንድ ባልደረባችን፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፕሮግራሙን እንደ ገና ከፈተ። ፕሮግራሙም ከጥፋት የተረፈውን ጽሑፍ በመስኮቱ ጠርዝ ዘርዝሮ አቀረበለት። ባልደረባችን ግን ጽሑፉ ቀድሞውንም «ተቀምጧል» ብሎ ስላመነ ዝርዝሩን ዘጋው፤ የተረፈው ቅጂ ይሰረዝ እንደ ሆነ ሲጠየቅም ይሰረዝ አለ። ከጧት ጀምሮ የማስቀመጫውን ትእዛዝ አንድ ጊዜም ስላልሰጠ የሙሉ ቀን ሥራው በዚያው ጠፋ። ጥፋቱን በእርሱ ላይ ማላከክ ይቻል ነበር። ነገር ግን እኛው ባዘጋጀነው የአጠቃቀም መመሪያ ውስጥ «ፕሮግራሙ ጽሑፉን በየ10 ደቂቃው በራሱ ያስቀምጣል» የሚል ዐረፍተ ነገር ስለ ነበር፣ እርሱ ያደረገው ያነበበውን ማመን ብቻ ነው።

«አስቀመጠ» ከ«ተቀመጠ» ጋር የሚዛመድ ግሥ ነው። ዕቃ በመደርደሪያ፣ ገንዘብ በባንክ፣ እንግዳ በወንበር ይቀመጣል። በሁሉም ዘንድ ያለው ሐሳብ አንድን ነገር በታወቀ ስፍራ ማሳረፍ ነው፤ አስቀማጩም የት እንዳኖረው ያውቃል። ስለዚህ ቃሉ ለመጀመሪያው ተግባር እጅግ ይስማማል። የእንግሊዝኛው «ሴቭ» ለነፍስ ሲሆን «አዳነ»፣ ለገንዘብ ሲሆን «ቆጠበ» ተብሎ የሚፈታ ቃል ሆኖ ሳለ፣ አማርኛው ለሰነድ ሁለቱንም ትቶ «አስቀመጠ»ን መምረጡ ማስተዋል የታየበት ምርጫ ነው እንላለን። ችግሩ የመጣው ቃሉ ከወሰኑ አልፎ በመሄዱ ነው።

ሁለተኛው ተግባር ይህን ወሰን በግልጽ ያሳያል። ማይክሮሶፍት ወርድ፣ ተጠቃሚው ካልለወጠው በስተቀር፣ በየ10 ደቂቃው የጽሑፉን ይዞታ ይገለብጣል። ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ደግሞ 300 ያህል የፊደል ምት ሲቈጥር ወይም የጸሐፊው እጅ ለ30 ሰከንድ ያህል ሲያርፍ ይህንኑ ይፈጽማል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ግልባጩ የሚጻፈው በዋናው ሰነድ ላይ ሳይሆን ለብቻው በተለየ ፋይል ነው። ዋናው ሰነድ ጸሐፊው በመጨረሻ እንዳስቀመጠው ይቈያል። ሰነዱ በሥርዓት ሲዘጋም ፕሮግራሙ ያን ግልባጭ አላስፈላጊ ነው ብሎ ይሰርዘዋል። እንግዲህ የዚህ ቅጂ ዕድሜ ከአደጋ እስከ አደጋ እንኳ አይደለም፤ አደጋ ካልደረሰ ከሥራው ሰዓት አያልፍም። እንዲህ ያለውን ነገር «ተቀመጠ» ማለት መንገደኛን ነዋሪ ብሎ እንደ መመዝገብ ይቈጠራል።

ለዚህ «መታደጊያ ቅጂ» የሚለውን እናቀርባለን። «ታደገ» በእሳት፣ በጎርፍ ወይም በጠላት እጅ ለወደቀ ሰው መድረስን ያመለክታል፤ አደጋው በቃሉ ውስጥ አለ። «ማትረፊያ» የሚለውም ቀርቦ ነበር፤ ዳሩ ግን ንግድንና ትርፍን ስለሚያስታውስ አልወደድነውም። «ማገገሚያ» ደግሞ ከበሽታ የሚነሣውን ሰው ዝግታ ስለሚያሳይ፣ ለሰነዱ ይሆን እንደ ሆነ እንጂ ለቅጂው አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ አዲስ ሁኔታ መጥቀስ ያስፈልጋል። ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ ወርድ፣ ሰነዱ ዋንድራይቭ በተባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ ሲሆን፣ ለውጡን በየጥቂት ሰከንዱ በዋናው ሰነድ ላይ ይጽፋል። ጎግል ዶክስም አሠራሩ ይኸው ነው። በዚህ ጊዜ መሣሪያው በእርግጥ ያስቀምጣልና «ራስ በራስ ማስቀመጥ» ትክክለኛ ስያሜ ይሆናል። አደጋው ግን መልኩን ይለውጣል፤ በስሕተት የተሰረዘው አንቀጽም ከነመሰረዙ ይቀመጣል። የሚያድነው የሰነዱ የቀድሞ ይዞታዎች ዝርዝር ነው፤ እነዚህን «የቀድሞ ቅጂ» ብንላቸው ተጨማሪ ቃል መፍጠር አያስፈልግም።

ሦስተኛው ተግባር ብዙዎች በአፍ «ባካፕ» የሚሉት ነው። በስያሜው መምታታት አማርኛ ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ወርድስታር ሰነዱ ታርሞ ሲቀመጥ የቀደመውን ይዞታ «ባክ» የሚል ቅጥያ ሰጥቶ ያቈይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ወርድፐርፌክት 5.1 ደግሞ በጊዜ ልክ የሚገለበጠውንም፣ ከእርማት በፊት የነበረውንም «ባካፕ» በሚለው በአንዱ ስም ይጠራቸው ነበር። የመጀመሪያው መታደጊያ፣ ሁለተኛው የቀድሞ ቅጂ መሆኑን ከስማቸው መለየት አይቻልም።

በእጅ ስልኮች የአማርኛ ትእዛዞች ላይ «ምትኬ» የሚለው ይታያል። ቃሉ አጭርና የሚጥም ነው። ሆኖም ልጅ የሞተበት ወላጅ ከዚያ በኋላ የተወለደለትን «ምትኬ» ወይም «ምትኩ» ብሎ እንደሚሰይም የታወቀ ነው። ምትክ ከጥፋት በኋላ የሚመጣ ነው፤ የምንነጋገርበት ቅጂ ግን ዋናው በደኅና ሳለ አስቀድሞ የሚያዝ ነው። ስለዚህ «መጠባበቂያ ቅጂ»ን እንመርጣለን። «ጠበቀ» መንከባከብንም መቈየትንም በአንድነት የያዘ ሥር ሲሆን፣ መጠባበቂያ እህልና መጠባበቂያ ገንዘብ በሕዝቡ ዘንድ የተለመዱ ናቸው።

ሾፌሮች ከጣሊያንኛ ወስደው «ስኮርታ» የሚሉት ትርፍ ጎማ ነገሩን ጥሩ አድርጎ ያስረዳል፤ ጎማ ሳይፈነዳ የሚያዝ ነውና። ነገር ግን መኪናው ከተሰረቀ ስኮርታውም አብሮ ይሄዳል። ወርድ «ሁልጊዜ መጠባበቂያ ቅጂ ይዘጋጅ» የሚለው ምርጫ ሲበራለት የሚያቈየው ቅጂ እንዲሁ ነው፤ ከዋናው ሰነድ ጋር በአንድ ማኅደር ስለሚያድር ዲስኩ ሲበላሽ ሁለቱም ይጠፋሉ። ይዘቱም ከመጨረሻው ማስቀመጥ በፊት የነበረው ነው። ስለዚህ በእኛ አከፋፈል እርሱ የቀድሞ ቅጂ እንጂ መጠባበቂያ አይባልም። መጠባበቂያ የምንለው በሌላ ዲስክ፣ ይልቁንም በሌላ ቤት ያለውን ብቻ ነው።

በፊደላችን የተጻፉ አሮጌ ሰነዶችን በተመለከተ ደግሞ ቅጂ መያዝ ብቻውን አይበቃም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ስፍራ እስኪያገኝ ድረስ፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ሆሄያቱን በላቲን ፊደላት ቍጥሮች ላይ፣ እያንዳንዱም በየራሱ አደላደል ያሳርፉ ነበር። የዚያ ጊዜ ሰነድ ሳይጐድል በዲስክ ቢገኝም፣ የተጻፈበት የፊደል ቅርጽ ከሌለ የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰነድ ከነፊደል ቅርጹ መያዝ፣ ከዚያም ወደ ዩኒኮድ መገልበጥ ይገባል።

የቀረው የግሡ ጉዳይ ነው። «ተጠባበቀ» የሰውን ጥበቃ ስለሚያመለክት ለዚህ ተግባር አይውልም፤ «መጠባበቂያ አስቀመጠ» ማለትም ወደ ሸሸነው መደባለቅ ይመልሰናል። «መጠባበቂያ ያዘ» የሚለው ግን ቅጂ መያዝ ከሚለው የቢሮ ቋንቋ ጋር ይገጥማል። የመመሪያችንንም ዐረፍተ ነገር እንዲህ ብለን አርመነዋል፦ «ፕሮግራሙ በየ10 ደቂቃው መታደጊያ ቅጂ ይይዛል፤ ሰነዱን የሚያስቀምጡት ግን እርስዎ ነዎት፤ ማታ ከመውጣትዎ በፊትም በሌላ ዲስክ መጠባበቂያ ይያዙ»።