ሜዳሊያው ተቆጥሯል፣ ዲግሪውስ?

የምረቃ ሰሞን ዜና በአሶሳም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ከተማ አንድ ዓይነት መልክ አለው። ዩኒቨርሲቲው ያስተማራቸውን ይህን ያህል ተማሪዎች አስመረቀ፤ ከመካከላቸው ይህን ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ የክብር እንግዳውም መልእክት አስተላለፉ። የስፖርቱ ዜናም የራሱ ቅርጽ አለው፦ ቡድኑ አሸነፈ፣ ሯጯ በዚህ ሰዓት ገባች፣ ልዑኩ ሜዳሊያ ይዞ ተመለሰ። ሁለቱ ዜናዎች በአንድ ጣቢያ፣ አንዳንዴም በአንድ ጋዜጠኛ ይሠራሉ፤ እርስ በርስ ግን አይተዋወቁም። ለግቢው ማሊያ ለብሶ የተጫወተው ልጅ ጋዋን ለበሰ ወይስ ሦስተኛ ዓመት ላይ ዊዝድሮው ሞልቶ ወደ ቤቱ ሄደ? የምረቃው ዜና የወጡትን ይቆጥራል፤ አብረዋቸው የገቡት ስንት እንደነበሩ አይነግረንም።

የምረቃ ምጣኔ የሚባለው ስሌት የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ግቢ በአንድ ዓመት 30 ስፖርተኞች ተቀበለ እንበል። ስድስት ዓመት ይጠበቃል፤ ይኸውም ለአራት ዓመት ትምህርት የግማሹን ያህል ተጨማሪ ጊዜ መስጠት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ 18ቱ ከተመረቁ ምጣኔው 60 በመቶ ይሆናል።

ክርክሩ የሚነሳው ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ በተዛወረው ልጅ ላይ ነው። ይህ ስሌት ሥር በሰደደበት በአሜሪካ፣ የመንግሥቱ አቆጣጠር የተዛወረውን ከመጀመሪያው ግቢ እንዳልተመረቀ ይወስደዋል። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ ግን በጥሩ ውጤት የተዛወረውን ከለቀቀው ግቢ መዝገብ አውጥቶ በተቀበለው ግቢ ይቆጥረዋል። በዚህም የተነሳ የማኅበሩ ቁጥር ከመንግሥቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ «ምጣኔው አደገ» የሚል መግለጫ የደረሰው ጋዜጠኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁጥሩ በየትኛው ስሌት እንደተገኘ ነው።

ስሌቱን ወደ ሕግ የወሰዱት ስፖርተኞች ናቸው። ዴክስተር ማንሊ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫውቶ በኋላም በዋሽንግተኑ ቡድን የገነነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ኮሌጅ የቆየው ማንበብ ሳይችል እንደነበር እያለቀሰ መሰከረ። በቀጣዩ ዓመት ኮሌጆች የስፖርተኞቻቸውን የምረቃ ምጣኔ በይፋ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ሕጉን በምክር ቤቶቹ ከገፉት መካከል ቢል ብራድሌይና ቶም ማክሚለን ይገኙበታል፤ ሁለቱም የቀድሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ናቸው።

ቁጥር መታወጁ ብቻውን ግን አላዳነም። በቻፕል ሂል በሚገኘው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2011 መምህር የማይገባባቸው፣ ክፍል የማይሰበሰብባቸው፣ አንድ ጽሑፍ ላስገባ ሁሉ ጥሩ ማርክ የሚታደልባቸው ኮርሶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው የምርመራ ሪፖርት ከ3,100 በላይ ተማሪዎች እንደወሰዷቸውና ከምዝገባው ግማሽ የሚጠጋው የስፖርተኞች እንደነበር ገለጸ። ጉዳዩን ዓመታት የተከታተለው በዚያው አካባቢ፣ በራሌ ከተማ የሚታተመው «ኒውስ ኤንድ ኦብዘርቨር» ጋዜጣ ነው። ጋዜጠኛው ዳን ኬን የአንድ ተጫዋች ትራንስክሪፕት እጁ ሲገባ፣ ልጁ የፍሬሽማን ዓመቱን ሳይጀምር በከፍተኛ ደረጃ ኮርስ ጥሩ ማርክ ማግኘቱን አየ፤ ከዚያ ክሩን መምዘዝ ነበር። ከአንባቢዎቹ ብዙዎቹ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደጋፊዎች ስለነበሩ፣ ዘገባው የገዛ ሰፈሩን የሚያስቀይም ሥራ ነበር።

በኢትዮጵያ መንገዱ ሌላ ነው። ስፖርተኛውን በብዛት የሚያሳድገው ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን መቻልን፣ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክንና ንግድ ባንክን የመሳሰለ ክለብ ነው። ካምፕ የገባ ታዳጊ ደመወዝና ማሠልጠኛ ያገኛል፤ የቀን ትምህርቱን ከጠዋትና ከማታ ልምምድ ጋር ማስኬድ ግን ከባድ ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች አሜሪካ የተወለደው ያሬድ ንጉሴ ኖተር ዳም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ እየተማረ ሮጦ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ በ1500 ሜትር ነሐስ ወስዷል። እዚህ አገር ያለ እኩያው ግን ብዙ ጊዜ ከካምፑና ከክፍሉ አንዱን ይመርጣል።

ክፍሉን ለመረጠውም ቢሆን በሩ ጠባብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በ1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላለፈም። ይህን በር አልፎ ግቢ የገባ ስፖርተኛ በቀላሉ የሚጣል ልጅ አይደለም።

ከምረቃ በፊት የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ደግሞ ለጋዜጠኛው ትልቅ ጥቅም አለው። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ዘርፎች ሲሰጥ 150,184 ተማሪዎች ተፈትነው 61,054ቱ፣ ማለትም 40.65 በመቶው አለፉ። በመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ፣ በግሎቹ 17.2 በመቶ ነበር። በቻፕል ሂል ማርኩን የሰጠውም ዲግሪውን ያደለውም ያው ግቢ ስለነበረ ውሸቱ 18 ዓመት ኖረ። እዚህ አገር ግን የግቢውን ማርክ ከግቢው ውጭ የተዘጋጀ ፈተና ይመዝነዋል። ከገቡት ስፖርተኞች ስንቱ ተመረቁ፣ ፈተናውንስ ስንቱ በመጀመሪያ ሙከራ አለፉ ብሎ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ዘገባ፣ ኤንሲኤኤ ከሚያወጣው ቁጥር የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

ይህን ዘገባ አዲስ አበባ ተቀምጦ መሥራት አይቻልም። አሶሳ ከዋና ከተማዋ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ለውድድር በጊምቢና በነቀምት አድርጎ የሚጓዝ ቡድን ከጨዋታው ሌላ የመንገዱን ቀናትም ከክፍል ይቀራል፤ ጉዞው ከሚድ ፈተና ጋር ሲገጥም ሜካፕ መለመን ይመጣል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ግቢዎችን ዘጋ፤ በ2013 ዓ.ም. በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መተከል ዞን በግጭት ተናጠ። ምጣኔው ዝቅ ብሎ ቢገኝ ከቁጥሩ ጀርባ ስንፍና አለ ወይስ የተዘጋ መንገድ፣ ለይቶ የሚጽፈው ሥፍራውን የሚያውቅ የክልሉ ጋዜጠኛ ነው። ልጄ ኳስ ይጫወት ወይስ ይማር በምትል እናት ቤት፣ መልሱ በበርታ፣ በጉሙዝ ወይም በሺናሻ ቋንቋ ሲነገር ይበልጥ ይሰማል። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲን ያህል የግልገል በለስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም መጠየቅ አለበት፤ የነገውን የስፖርት መምህር የሚያስተምረው እንዲህ ያለው ኮሌጅ ነውና።

የሚጀመርበት ባችም አለ። የፍሬሽማን ፕሮግራም ዳግም በተጀመረበት በ2012 ዓ.ም. የገቡት ተማሪዎች በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ስድስት ዓመታቸውን ሞልተዋል፤ በኮሮናው ዘመን ተቋርጠው ተመልሰዋል፤ የመውጫ ፈተናውንም ከቀመሱት ቀዳሚ ባቾች ናቸው። የቡድኑን ስም ዝርዝር ከስፖርት ክፍሉ፣ የተመራቂዎቹን ከሬጅስትራር ወስዶ የግለሰቦችን ማርክ ሳያወጡ ቁጥሩን ማመሳከር የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። በቀጣዩ የምረቃ ዜና «ይህን ያህል ተማሪዎች ተመረቁ» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ ለግቢው የተጫወቱት ስንት ገብተው ስንት እንደወጡ አብሮ ሊነበብ ይችላል።