መታወቂያ የሌላት አበባ
ስሙ ያልተጻፈ ኦርኪድ በስጦታ ሲደርሰን ምን እናድርግ?



ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ የማታ እንግሊዝኛ የማስተምራቸው ስደተኞች ኮርሱን ሲጨርሱ ገንዘብ አዋጥተው አንዲት አበባ ከነመትከያዋ አመጡልኝ። የምንማረው ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ ከቶም ምቦያ መንገድ ብዙ በማይርቅ ፎቅ ላይ ነው። የገዙት እዚያው አካባቢ ካለ አበባ ሻጭ ነበር። “ኦርኪድ ነው” ከማለት በቀር ሻጩም ሌላ አልነገራቸውም፤ የተለጠፈ ስምም ሆነ የአያያዝ መመሪያ አልነበረውም። አንዲት በዕድሜ የሚበልጡኝ ተማሪ፣ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄዱበት ቀን ደርሶ ስለነበር፣ “ቲቸር፣ አደራህን እንዳታደርቃት” አሉኝ።

እኔም እንዳትደርቅ ብዬ በየቀኑ ውኃ አጠጣኋት። በወሩ አበባው ረገፈ፣ ቅጠሉ ተጨማደደ። ጠማት ብዬ ጨመርኩላት፤ ባሰባት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ድረስ ባዮሎጂ ተምሬ ያቋረጥኩ ሰው ነኝና ነገሩ አሳፈረኝ። በመጨረሻ ከመትከያዋ አውጥቼ ሳያት ሥሮቿ ግማሽ በግማሽ በስብሰዋል። ለካስ ስሟን ሳላውቅ፣ ከየት እንደመጣችም ሳልጠይቅ ነበር ልንከባከባት የተነሳሁት።

ታዲያ ወረቀት የሌላት አበባ ማን እንደሆነች እንዴት ይታወቃል? መልሱ፣ ሰውነቷን በማየት ነው።

በመጀመሪያ ኦርኪድ መሆኗን እናረጋግጥ። የኦርኪድ አበባ ከኋላ ሦስት፣ ከፊት ሦስት ክፍሎች አሉት። ከፊቶቹ አንዱ ከሌሎቹ በቅርጽም በቀለምም ተለይቶ እንደ ከንፈር ወጣ ይላል። ወንዴውና ሴቴው ደግሞ እንደ ሌላው አበባ ለየብቻ ሳይሆን በአንዲት አጭር ምሰሶ ላይ ተጣምረው ይገኛሉ። ይህን ካየን ኦርኪድ ናት ማለት ነው።

አበባው ከረገፈስ? ቅጠልና ግንዷን ማየት ነው። በሱቅ የሚሸጡት በአብዛኛው ከሚከተሉት አንዱ ናቸው፦

1. ከታች እብጠት የላትም፤ ምላስ የመሰሉ ሰፋፊና ወፍራም ቅጠሎች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ሥሮቿ ወፍራምና ብርማ ናቸው፤ ፋላኖፕሲስ ናት። ለስጦታ በብዛት የምትሸጠው እሷ ናት።

2. እንደ ሸንበቆ አንጓ ያለው ቀጭን ግንድ ካላትና ቅጠሎቹ በግንዱ ላይ ከተደረደሩ ዴንድሮቢየም ናት።

3. ግንዷ ወፈር ብሎ ጫፉ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቆዳ የመሰለ ቅጠል ብቻ ከያዘ ካትሊያ ናት።

4. ከሥር እንቁላል የሚያህል እብጠት፣ ከላይ እንደ ሣር ረጃጅም ቅጠሎች ካሏት ሲምቢዲየም ናት።

5. አበባዋ ከፊት ለፊቱ እንደ ነጠላ ጫማ አፍንጫ ከረጢት ካለው ፓፊዮፔዲለም ናት።

ከዚህ አልፎ ሙሉ ስሟን ለማወቅ መጨነቅ አያስፈልግም። የሱቅ ኦርኪዶች አብዛኞቹ ሰው ያዳቀላቸው ስለሆኑ ወረቀታቸው ከጠፋ ትክክለኛ ስማቸውን ማግኘት በጣም ያስቸግራል። ቤተሰቧን ማወቅ ግን ለእንክብካቤ ይበቃል።

የእኔዋ ቁጥር አንድ፣ ፋላኖፕሲስ ሆና ተገኘች። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን “የእሳት ራት የምትመስል” እንደማለት ነው። ይህን ስም በ1825 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ብሉሜ የተባለ የእጽዋት ተመራማሪ ነው። አገሯ ከደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ይደርሳል። በብዛት የምትኖረው አፈር ላይ ሳይሆን ዛፍ ላይ ተለጥፋ ነው። ዛፉን ግን አትመጠምጠውም፤ ለመቀመጫ ብቻ ነው የምትይዘው። ዝናብ ሲመጣ ሥሯ ይርሳል፣ ወዲያው ደግሞ ነፋስ ያደርቀዋል። ሥሯን የሸፈነው ነጭ ነገር እንደ ስፖንጅ ውኃ የሚመጥ ነው። ይህን ከተረዳን የሚከተለው ሁሉ ግልጽ ይሆናል።

ውኃ፦ ሥሩን ተመልከቱ። ብርማ ወይም ግራጫ ከሆነ ውኃ ይፈልጋል፤ አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ስታጠጡ በደንብ አጠጡና ሙሉ በሙሉ ይንጠፍጠፍ። ብዙዎቹ ቀዳዳ በሌለው ጌጠኛ ዕቃ ውስጥ ገብተው ይሸጣሉ፤ እዚያ ሥር የሚጠራቀመው ውኃ ነው የሚገድላቸው። በቅጠሎቹ መሃል ውኃ ከቋጠረም በጨርቅ አድርቁት። እንደ እኛ ቤት ቧንቧ በፈረቃ የሚመጣባችሁ ከሆነ በጀሪካን ያጠራቀማችሁት የዝናብ ውኃ ከሁሉም ይሻላል።

የተጨማደደ ቅጠል፦ እኔን ያሳሳተኝ ይህ ነው። ቅጠል የሚጨማደደው ውኃ ሲያንስ ብቻ አይደለም። ሥሩ ከበሰበሰ ውኃ ቢኖርም መጠጣት ስለማይችል ያው ይጨማደዳል። ስለዚህ ከመጨመራችሁ በፊት ሥሩን ንኩት። ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው፤ ቡናማና ልፍስፍስ ከሆነ የሞተ ነው። የሞተውን አልኮል በጠረጋችሁት መቀስ ቁረጡት።

መትከያ፦ አፈር አይሆንም፣ ሥሩን ያፍነዋል። የተቆራረጠ የዛፍ ቅርፊት ጥሩ ነው። እኔ ታጥቦ የደረቀ ከሰል ሰባብሬ ቀላቅዬበታለሁ። ቅርፊቱ እየበሰበሰ ስለሚሄድ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ ይለወጣል።

ብርሃን፦ ደማቅ ብርሃን ትወዳለች፤ የቀትር ፀሐይ ግን ያቃጥላታል። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ይስማማታል። ቅጠሏ በጣም ከጠቆረ ብርሃን አንሷታል፤ ከቀላ ወይም ከገረጣ በዝቶባታል።

ብርድ፦ ናይሮቢ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በሰኔና በሐምሌ ሌሊቱ ይበርዳል። ከ15 ዲግሪ በታች እንዳይሆንባት ማታ ማታ ከመስኮቱ ራቅ አድርጓት። ትንሽ ቅዝቃዜ ግን ይጠቅማታል፤ ለጥቂት ሳምንታት ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲልላት ነው አዲስ የአበባ ዘንግ የምታወጣው።

አበባው ሲረግፍ፦ ሞተች ብላችሁ እንዳትጥሏት! አበባው ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ መርገፉ ተፈጥሮው ነው። ዘንጉ ቢጫ ከሆነ ከሥሩ ቁረጡት። አረንጓዴ ከሆነ ከታች ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው አንጓ በላይ መቁረጥ ይቻላል፤ አንዳንዴ ከዚያው እንደገና ያብባል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በዛፍ ላይ ያለ ኦርኪድ ከጫካ ነቅላችሁ አታምጡ፤ የሚያመጣ ሰው ቢኖርም አትግዙት። የዱር ኦርኪዶች ንግድ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። ኬንያ ውስጥ አንሴሊያ የምትባል፣ ቢጫ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያላት የነብር ቆዳ የመሰለች ኦርኪድ አለች። በአገራችንም ከ160 በላይ ዝርያዎች ይገኛሉ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ኢትዮጵያ ኦርኪዶች ያዘጋጁት መጽሐፍ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ኦርኪድ የሩቅ አገር ቅንጦት ብቻ ይመስለኝ ስለነበር ይህን ሳውቅ ደነቀኝ።

ካኩማ ያላችሁ መምህራን “በዚህ ሙቀትና አቧራ ምን ኦርኪድ ታወራብናለህ” ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ፋላኖፕሲስ እዚያ ከባድ ነው። ዘዴው ግን ለማንኛውም ተክል ይሠራል። ተማሪዎቻችሁን ከክፍል ውጪ ወዳለ አንድ ተክል ውሰዱና ሦስት ጥያቄ ጠይቋቸው፦ ውኃ የሚያጠራቅመው የት ነው? ቅጠሉ ለምን እንዲህ ሆነ? ይህ ሰውነት ምን ዓይነት አገር ለመኖር የተሠራ ነው? መጽሐፍም ላቦራቶሪም አይጠይቅም፣ ጥሩ የሳይንስ ትምህርት ግን ይወጣዋል።

የእኔዋስ? ከዳኑት አራት ሥሮች ተነስታ አንድ ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ አበቀለች። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ከቅጠሏ ሥር ትንሽ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ፤ መጀመሪያ ሥር መስሎኝ ነበር። በጥቅምት አምስት አበባ አወጣች። ፎቶዋን በስልክ ለእኚያ ተማሪዬ ላክሁላቸው። “እኔ እኮ ሞታ አፍረህ የጠፋህ መስሎኝ ነበር” ብለው መለሱልኝ። ሞታ ነበር ማለት ይቻላል፤ አላልኳቸውም እንጂ።