የማይንቀጠቀጥ ምስል በተማሪ ኪስ

በሆሳዕና የሚማር አንድ ወጣት በክረምት ዕረፍት ወደ ቤተሰቡ፣ ወደ ጊምቢቹ ተመልሶ ሳለ አያቱን በስልኩ ቀርጾ ነበር። አዛውንቱ በእንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው የዘር ሐረጋቸውን እየቆጠሩ ያወጋሉ። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ምስሉ ግን ከወዲያ ወዲህ ስለሚዋልል ፊታቸውን አስተካክሎ ማየት አይቻልም። ወጣቱ «ሌላ ጊዜ በደንብ እቀርጻቸዋለሁ» ብሎ ቢያስብም አያቱ መስከረም ሳይጠባ አረፉ። ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሳን ይኸው ነው።

ለዚህ ችግር ዋነኛው መፍትሔ ትራይፖድ የሚባለው ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ ነው። ገበያው በዓይነት የተሞላ በመሆኑ ብዙ ተማሪዎች ረጅሙንና ቀላሉን አይተው ይገዛሉ። ከሆሳዕና አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ከዚያ የተገዛ ዕቃ አልሆን ቢል ለመመለስ የሚወጣው የትራንስፖርት ወጪ ራሱን የቻለ ዕዳ ነው። ስለዚህ ፈተናው መደረግ ያለበት ገንዘብ ከመክፈል በፊት፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ እግሮቹን እንመልከት። ሦስቱንም እስከ መጨረሻው ዘርግተን አናቱን በእጃችን ጫን፣ ከዚያም ጠምዘዝ እናድርገው። እግሩ ከተንሸራተተ ወይም ከተወላገደ ይቅርብን። መገጣጠሚያው የበዛ እግር ሲታጠፍ አጭር ቢሆንም የታችኛው ክፍሉ ቀጭን ስለሚሆን ይወዛወዛል። የመሐሉን ምሰሶ ከፍ አድርጎ መቅረጽም ሦስቱን እግር በአንድ እግር እንደ መለወጥ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ጭንቅላቱ ነው። ለፎቶግራፍ ብቻ የተሠራው ባለ ኳስ ጭንቅላት ካሜራን ወደ ጎን በዝግታ ለማዞር አይመችም። ለቪዲዮ የሚሻለው መያዣ ዘንግ ያለውና በውስጡ በወፍራም ፈሳሽ ወይም ቅባት አማካይነት እንቅስቃሴውን የሚያለዝበው ነው። ካሜራችንን ገጥመን ቀስ ብለን እናዙረው። ሲነሣ ከነጠቀ፣ ስንለቀውም ወደ ኋላ ከተመለሰ አይረባም። ርካሽ ጭንቅላት «ፍሉይድ» የሚል ጽሑፍ ስለተለጠፈበት ብቻ አንመነው፤ እጃችን ይመስክር።

ሦስተኛው ክብደት ነው። መቆሚያው እንዲሸከም የተፈቀደለት መጠን ከካሜራችንና ከሌንሱ ክብደት ሁለት እጥፍ ቢሆን መልካም ነው። አብዛኛዎቹ ካሜራዎች የሚገጠሙት በ1/4 ኢንች ብሎን ሲሆን ለስልክ ደግሞ የስልክ መያዣ ያስፈልጋል። ካሜራው የሚያርፍባት ተነቃይ ሰሌዳ ከጠፋች ዕቃው ሁሉ ሥራ ፈት ስለሚሆን ትርፍ መገኘቱን መጠየቅ አይከፋም። ገንዘባችን ለአዲስ ጥሩ ዕቃ ካልበቃ፣ ከአዲስ ደካማ ይልቅ ያገለገለ ጠንካራ እንምረጥ። የካሜራ ዓይነት ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ጥሩ መቆሚያ ግን ብዙ ካሜራ ያሳልፋል።

ቀላል መቆሚያ ያላቸውም ተስፋ አይቁረጡ። ድንጋይ የተሞላ ከረጢት በቃጫ ገመድ አስሮ ከመሐሉ ምሰሶ ላይ ማንጠልጠል ከነፋስ ይጠብቃል። መሬቱ በዝናብ ሲረሰርስ ከየእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ማድረግ ነው። ምንም የሌለው ተማሪ ደግሞ በትንሽ ከረጢት ባቄላ ሞልቶ በርጩማ ላይ በማኖር ካሜራውን ያስቀምጥበት። ካሜራው ቀና አይልም፣ አይዞርም፤ ግን አይንቀጠቀጥም።

የተማሪ አቅም ማነስ አዲስ ነገር አይደለም። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ያቀረበውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘ ፊልም ኢትዮጵያ መጥቶ በ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ የቀረጸው በአሜሪካ ተማሪ ሳለ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነበር።

ዛሬም በየቤታችን ታሪካቸውን ያልነገሩ እናቶችና አባቶች አሉ። ጥሩው መቆሚያ እስኪገዛ ድረስ እነርሱን አናስጠብቅ። ባቄላውም በርጩማውም በእጃችን ነው።